ፀሐይ ላይ የተሰጣች ልጅ

ልብስ ሰፊዋ የሰው ነገር የሚገባት በቀሚስ ጠርዝ በኩል ነበር። ትከሻው ያዘነበለ፣ አንድ እግሩ ያጠረ፣ ከስቶ የሚደብቅ፣ ወፍሮ የሚክድ፣ ሁሉም አፉ ባያወጣው ለሜትሯ ይናዘዛል። እናም የሟች እህቷን ልጅ ጠረጴዛ ላይ አቁማ የሰፋችላትን የመጀመሪያ ቀሚስ ስታለብሳት፣ ጠርዙ ወደ ግራ ተንጋደደ። ፈትታ ሰፋችው። አሁንም ተንጋደደ። በሦስተኛው መቀሷን አስቀመጠችና ቀሚሱን ወደ ላይ ሰብስባ አየች። የተንጋደደው ጨርቁ አልነበረም። የልጅቷ እግሮች ከጉልበታቸው ወደ ውጭ ተለጥጠው እንደ ቅንፍ ቆመዋል፤ የግራው ደግሞ ይብሳል።

ልጅቷ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ሰው ካልያዛት አትራመድም። አባቷ ከሳምንት በፊት ከአንድ ሻንጣ ልብስና ከአንድ ጡጦ ጋር ሲያመጣት ስለ እግሯ አላነሳም። ያነሳው ሌላ ነው።

«እትዬ፣ ሦስት ወር ብቻ ያዢልኝ። ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ።»

ግሬደር ነጂ ነው። የሱ ኑሮ መንገድ ባለበት ሳይሆን መንገድ በሌለበት ነው፤ መንገዱ ሲያልቅ እሱም ይነሳል። ሚስቱ ልጅቷ ዘጠኝ ወር ሲሆናት በትኩሳት ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ እሱ ሥራ ሲወጣ ልጅቷን አንዲት ተመላላሽ ሴት ትጠብቅለት ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል፣ መስኮቱም አንድ፣ ያውም በአውራ ጎዳናው አቧራ ምክንያት ቀኑን ሙሉ የሚዘጋ። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ብስኩት በጣፋጭ ሻይ እየነከረች ታጎርሳታለች፤ ልጅቷ ትጠግባለች፤ አታለቅስም፤ ካስቀመጧት አትነሳም። «እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ አይቼ አላውቅም» ትል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። አግብታ ፈትታለች፣ አልወለደችም፤ የእህቷን ልጅ ስትቀበል እጇ ላይ የነበረው ሥራ የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነበር። ሥራውን አጥፋ አስቀመጠችና ልጅቷን አዝላ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላት ነርስ ደልደል ያለች፣ እጇ የሚሞቅ ሴት ናት። የልጅቷን የእጅ አንጓ በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ወፍሯል። ጎኗን ዳሰሰች፤ የጎድን አጥንቶቿ ጫፍ ጫፉ ላይ እንደ ጨሌ የተደረደረ እብጠት አለ። ስትተኛ ራሷን ያልባት እንደሆነ፣ ጥርሷ ዘግይቶ እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉም አዎ ነው።

«ሪኬትስ ይባላል» አለች። «አጥንቷ አልጠነከረም።»

«ከእናቷ ሞት ጋር የመጣ ነገር ነው?»

«የመጣውስ ከጨለማና ከሻይ ነው። ስፌት አይደል ሥራሽ? እንግዲህ ካልሲየሙ ጨርቁ ነው በይ። ወተት ውስጥ አለ፣ እርጎ ውስጥ አለ፣ ከነአጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣ ውስጥ አለ። ቫይታሚን ዲው መርፌው ነው። ቤትሽ ሙሉ ጨርቅ ቢከመር መርፌ ከሌለሽ ምን ትሰፊያለሽ?»

«ምንም።»

«እሷም ምንም አልሰፋችም። መርፌውን የሚሰጣት ፀሐይ ነው። የእንቁላል አስኳልም ትንሽ ትንሽ ይረዳል።»

«ፀሐይማ ቤቴ ሞልቷል፤ መስኮቴ ትልቅ ነው።»

«በመስታወት የገባ ፀሐይ አይቆጠርም። ደጅ አውጫት። እጅና እግሯን ገልጠሽ፣ ጠዋት ጠዋት።»

«ትጠቁርብኛለች።»

«ትጥቆር። ጠቁሮ መሮጥ ይሻላል ወይስ ፈክቶ መቀመጥ?»

ሐኪሙ ጠብታ አዘዘላት። ሲስተር ግን በጠብታው ብቻ አልለቀቀቻትም። ምስርና ባቄላ ሥጋዋን ይገነባል፤ ደሟ የሚፈልገው ብረት አለ፤ ብረቱ እንዲሰርግ ከምግቡ ጋር ብርቱካን ትብላ፤ ሻይ ግን በምግብ ላይ አይደረብ፣ ብረቱን ይይዝባታል። ካሮትና ጎመን ዘይት ይንካው፤ ያለ ቅባት ቫይታሚን ኤው እንደ መንገደኛ አልፎ ነው የሚሄደው። ልብስ ሰፊዋ የሚጻፍበት ብታጣ ከቦርሳዋ የኮት እጅጌ የተነደፈበት ወረቀት አውጥታ በጀርባው ያዘችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእጅ ስፌት መኪናዋ ኑሮ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ መኪናውን፣ ቀጥሎ ወንበሩን ከፎቅ አውርዳ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ትቀመጣለች። ልጅቷ በቁምጣ ምንጣፍ ላይ ትንደባለላለች። ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ጎረቤታቸው በመስኮቱ ብቅ ይልና፣

«ዛሬም ልጅ አሰጣሽ? ደመና አይቻለሁ፣ ሳትረጥብ አስገቢያት» ይላታል።

«ገና አልደረቀችም» ትለዋለች እሷ፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ።

ማብላቱ ነበር ጭንቁ። ከብስኩትና ከሻይ በቀር የማያውቅ ምላስ እንቁላል ሲነካው ይተፋል። አስኳሉን ከድንች ጋር ፈጨችላት፣ ተፋች። በእርጎ ለወሰችላት፣ ተፋች። ካሮቱን ግን አንድ ቀን በክብ በክቡ ቆራርጣ፣ በመርፌ መሐሉን አራት ቦታ በስታ፣ በልጅቷ ደረት ላይ ደረደረችው።

«ይሄ የማን ኮት ቁልፍ ነው?»

ልጅቷ አየችው። «የአባባ» አለች።

«እንግዲያው ይቺን ቁልፍ ማን በጠሳት?»

ልጅቷ ቁልፏን አንስታ ጎረሰች። ከዚያ ወዲያ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ቁልፍ፣ ጥልፍ፣ ኪስ ሆነ። ጎመኑ ዳንቴል ነው። ምስሩ የዶቃ ብትን ነው፤ ልጅቷ ምስር ስለምትወድ «ዶቃ» የሚለው ስም እዚያው ወጣላት፣ ሰፈሩም ያዘው።

በሰባተኛው ወር፣ ልብስ ሰፊዋ ክር ስታሾልክ፣ ዶቃ ከስፌት መኪናው ሥር ተነስታ ያለ ማንም እስከ ደረጃው ድረስ ሄደች። መጀመሪያ በመስኮቱ ያያት ጡረተኛው ነው፤ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ያዘ። አራት ዓመት ሲሞላት የቀሚሷ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወረደ። «እማ» የሚለውን ቃል ማንም አላስተማራትም፤ አንድ ቀን ከደረጃው ራስ ተጣራች፣ ልብስ ሰፊዋም «ወዬ» አለች።

ሦስት ወር የተባለው አራት ዓመት ሆነ። አባትየው በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣ፣ ከልጁ ጋር ተሸማቅቆ ተቀምጦ፣ ከረሜላ ሰጥቶ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ የመጣው ጊዜ ግን ተላጭቷል፣ ሸሚዙም ተተኩሷል። ልብስ ሰፊዋ የአንገትጌውን አተኳኮስ አይታ ቤቱ ውስጥ ሴት እንዳለች ገባት።

«እትዬ» አለ፣ ኩባያውን እያዟዟረ። «አግብቻለሁ። አሁን ሥራዬም መንገድ ላይ አይደለም፣ ጋራዥ ውስጥ አድርገውኛል። ቤት ሰጥተውኛል። ትምህርት ስትጀምር… አብራኝ ትሁን ብዬ ነው።»

እሷ ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር። እግሯ ተጣሞ ሳለ የት ነበርክ ልትለው ትችል ነበር። የእህቷ ባል የደፋውን አንገቱን ቀና አድርጎ ቢያያት ኖሮ ምናልባት ትለው ነበር፤ አላያትም።

«ልጅህ ናት» አለችው።

ልብሷን ስታጣጥፍ በሁለት ገጽ ወረቀት ለአዲሷ ሚስት የሚሰጥ ማስታወሻ ጻፈች። እንቁላል በቀን አንድ፤ አስኳሉ ከደረቀ አትነካውም። ወተት ከእንቅልፍ በፊት፣ ለብ ያለ። ምስር እስከፈለገች። ሻይ በፍጹም። ጠዋት ፀሐይ፣ ከመስታወት ውጭ። ዶቃ አባቷ ጭን ላይ ሆና የአውቶቡስ መስኮት ለመክፈት ስትታገል ነበር፤ ዞር ብላ እጇን እንኳ አላውለበለበችም። ልጅ ናት፣ ቶሎ የምትመለስ ነው የመሰላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሰው የሚነገር አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ወደ ግቢ ማውረድ ተወች። በየሳምንቱ እሑድ ስልክ ትደውላለች።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ምን በላሽ?»

«ምግብ።»

«ምን ምግብ?»

«እ… የሚበላ።» ከዚያ ስልኩ ለአባት ይሰጣል፣ አባትየውም «ሁሉ ሰላም ነው እትዬ» ብሎ ይዘጋል። እሷ ስልኩን እንደያዘች ትቀራለች። ምን እንደምትፈልግ ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ልጅቷ አልበላሁም እንድትላት አትሻም። ግን «የሚበላ» የሚለው ቃል ውስጥ የምትገባበት ቀዳዳ አጣች።

መጀመሪያ አካባቢ ሁለት እንቁላል መቀቀል አልቀረላትም ነበር። አንዱን ትበላለች፤ ሁለተኛው እስከ ማታ ሳህኑ ላይ ይውላል። ቀስ በቀስ ሁለቱም ቀሩ። ለአንድ ሰው ድስት መጣድ ከበዳት። ዳቦ በሻይ፣ ሻይ በዳቦ፤ ቀላል ነው፣ ሳህን አያቆሽሽም። ዓመት ከስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፤ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ስትለካ ዓይኗ ጨለመ፤ ሙሽራዋ ራሷ ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

ሲስተር የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየችው። ነጭ ነው። የደም ምርመራውም ያንኑ ተናገረ።

«ብረትሽ አልቋል። ምንድን ነው የምትበዪው?»

«ዳቦ።»

«በምን?»

ልብስ ሰፊዋ «በሻይ» አለች።

ሲስተር ወንበሯ ላይ ተደገፈች። «ያቺ ልጅ ምን እየበላች እንደመጣች ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እንግዲያ አንቺን ማን አዝሎ ያምጣልኝ?»

«ለአንድ ሰው ማብሰል አይሆንልኝም፣ ሲስተር። ድስቱ ሰፍቶኝ ነው።»

«ክኒኑን እሰጥሻለሁ። ምስር፣ ጎመን፣ በሳምንት አንዴ ጉበት፤ ከላዩ ብርቱካን። ይህን አንቺ ለሰው ስታስተምሪ ሰምቼሻለሁ። ለናፍቆቱ ግን መድኃኒት ቤታችን የለውም። ተነሺና ሂጂ። የእህትሽ ልጅ ናት እንጂ የሰው ዕቃ አይደለችም።»

ለመሄድ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ለዶቃ ቀሚስ ሰፋች። ልኳን በቃሏ ታውቃለች፤ ላለፈው ጊዜ በየቦታው ሁለት ጣት ጨመረችበት። አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ተጓዘ፤ እሷም ስድስቱን ሰዓት ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ምን ብዬ ልግባ ስትል ቆየች።

በሩን የከፈተችው ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ሴት ናት፤ ትከሻዋ ላይ አራት ወር ገደማ የሆነው ሕፃን ተለጥፏል።

«ማን ልበል?»

«የዶቃ…» አለችና ቆመች። «የዶቃ አክስት ነኝ።»

ሴትየዋ ደነገጠች። ወንበር ሳበች፣ የወንበሩን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል አለች። ልብስ ሰፊዋ «አንቱታውን ተዪልኝ፣ ምራቷን ልትቆጣጠር የመጣች አማት አይደለሁም» ብትላት ሴትየዋ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ድስት ተጥዷል፣ ምስር ይሸታል። መጋረጃዎቹ ግን በጠራራ ፀሐይ ግጥም ብለው ተዘግተዋል፣ መብራት በርቷል። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን አየች፣ ሕፃኑን አየች፣ ምላሷን ነከሰች።

«ያን ወረቀት» አለች ወጣቷ ሚስት ድንገት፣ ወለሉን እያየች። «የላክሽውን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈተና መስሎኝ ነበር። እንዲህ ካላደረግሽ ወደቅሽ የሚል። አንድ ጊዜ አንብቤ ሳጥን ሥር ከተትኩት። ግን አብልቻታለሁ። እንቁላሉንም ወተቱንም። አንድ ነገር ብቻ አቅቶኛል፣ ስትመጣ ታዪዋለሽ።»

ዶቃ ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ገባች። በሩ ላይ ቆመች። ረዝማለች፤ ፊት ለፊት ሁለት ጥርሷ ወልቋል፤ እግሮቿ ከቁምጣዋ ሥር እንደ ክር ቀጥ ብለዋል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው እግሮቹን ነው። ከዚያ ፊቷን። ከዚያ ልጅቷ ሮጣ እንድትመጣ ጠበቀች።

ዶቃ ቀስ ብላ መጥታ እጇን ዘረጋች። «ደህና ነሽ፣ አክስቴ?»

«ደህና ነኝ» አለች። ትንሿን እጅ ጨበጠች። አንጓው ቀጭን ነው፣ እንደሚገባው።

ቀሚሱ ተለበሰ። አንድ ስንዝር ያጥራል። ሁለት ጣት ብላ የገመተችው ነገር አንድ ስንዝር ሆኖ ጠበቃት። ወጣቷ ሚስት ከሳጥን የተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ አወጣችና «ከታች ብንቀጥለው?» አለች። አባትየው ማታ ነው የሚገባው፤ ሦስቱ ብቻቸውን ምሳ ቀረቡ።

ሩዝ፣ ምስር፣ በዘይት ነካ ነካ የተደረገ ካሮት። ዶቃ ምስሩን በላች፣ ሩዙን በላች፣ ካሮቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሰለፈችው።

«ይኸው» አለች ሚስትየው። «ዓመት ከስድስት ወር እንዲህ ነው። በረጅሙ ቆርጬ፣ በሾርባ ፈጭቼ ሞክሬያለሁ። በክቡ ስቆርጥላት ደግሞ አለቀሰች። አትወጂውም ወይ ስላት፣ እወደዋለሁ ትላለች። ታዲያ ለምን አትበዪም ስላት…» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ንገሪያት።»

ዶቃ አንገቷን ደፋች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። «እሱ የሚበላው እዚያ ነው» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ። «እማ ጋ።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ውስጧ የሆነውን ነገር በኋላ ስታስታውሰው ታፍር ነበር። መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነው። ያ ሁሉ እሑድ፣ ያ ሁሉ «የሚበላ»፣ ልጅቷ አንድ ነገር ለይታ አስቀምጣላት ኖሯል፤ ማንም ያላገኘው። ያንን ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ይቻላል። ምንም ሳይሉ መሄድ ይቻላል። ወጣቷ ሚስት ሕፃኑን እያወዛወዘች ፊቷን ታያለች፤ የምትለምነው ነገር እንዳለ ያስታውቃል፣ ግን አልለመነችም።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ ከሳህኑ ጠርዝ አንዱን ካሮት አነሳች። ጎረሰችው። አኘከችው፣ ዋጠችው።

«እዚህም ይበላል» አለች። «ጨው ትንሽ አንሶታል እንጂ ያው ነው።»

«እዚያስ?»

«እዚያም። ሁለቱም ቤት። የሚያልቅ ነገር አይደለም።»

ዶቃ አየቻት። ከዚያ አንዱን አንስታ በፊት ጥርሷ ልትነክሰው ብትል ጥርሱ የለም፤ በጎን አዙራ ነከሰችው። ሚስትየው ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። ድስቱ ላይ የምታማስለው ነገር ግን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዶቃ ውጭ ስትጫወት ሁለቱ ሴቶች ቀሚሱን ሲቀጥሉ ሚስትየው «አክስቴ በያት ያልኳት እኔ አይደለሁም» አለች። «ራሷ ናት። እኔንም በስሜ ነው የምትጠራኝ። እማ የሚለውን ለማንም አትሰጥም። ዛሬ ስትለው ገና መስማቴ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እኔም ከሰማሁት ብዙ ጊዜዬ ነው» አለች። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ «አንድ ነገር ብልሽ ፈተና አይምሰልሽ» ብላ መጋረጃውን በአገጯ አመለከተች። ሚስትየው የጋራዡ ሰዎች በመስኮቱ ሥር ስለሚያልፉ፣ ስታጠባ ስለሚያዩዋት ነው የምትዘጋው። ከቤቱ ጀርባ ግን ልብስ የሚሰጣበት ትንሽ ግቢ አለ፣ ሰው አያልፍበትም። ሁለቱ ሕፃኑን ይዘው ወጡ። የጠዋቱ ለስላሳ ፀሐይ ይሻለው ነበር፣ ግን የአሥር ሰዓቱም በርዷል። ልብስ ሰፊዋ የብርድ ልብሱን እጥፋት እየፈታች እግሮቹን ገለጠች፤ ሕፃኑ ዓይኑን ጨፍኖ አነጠሰ።

በሁለተኛው ቀን ስትሄድ ስንብቱ ላይ ተነጋገሩ፤ ትምህርት ሲዘጋ ዶቃ ለአምስት ሳምንት ትመጣለች። አባትየው «እትዬ፣ መጠየቁ ከብዶኝ ነው እንጂ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እሷም እንዲጨርሰው አልጠበቀችም።

እስከዚያው አምስት ወር ነበረው። ልብስ ሰፊዋ ክኒኗን ዋጠች፤ ምስሯን ለራሷ ቀቀለች፤ የሚያንስ ድስት ገዛች። ጉበቱን ግን እንደጠላችው ቀረ፤ አፍንጫዋን ይዛ ነው የምትበላው። ናፍቆቱ አልተወም፤ ደረጃ ስትወጣ የሚያደናቅፋት ልቧ ግን ተረጋጋ፣ ፀጉሯም ማበጠሪያው ላይ መቅረቱን ተወ።

ዶቃ መጣች። የመጀመሪያውን ቀን ግቢውን ስትዞር፣ ጡረተኛውን ስታናግር፣ ስትሮጥ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ አለቀሰች።

«ምነው?»

«ወንድሜ» አለች። «ካልዘፈንኩለት አይተኛም።»

ልብስ ሰፊዋ የልጅቷን ፊት አየች። ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ በመስታወት አይታዋለች። አታልቅሺ አላለቻትም። ስልኩን አንስታ ደወለችና ለዶቃ ሰጠቻት፤ ዶቃም ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ «በላ?» ብላ ጠየቀች። ከወዲያኛው ጫፍ የወጣቷ ሚስት ድምፅ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ምን በላ?» አለች ዶቃ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠግታ፣ መልሱን አብራ ለመስማት ራሷን አዘነበለች።